ካንዴላ ለፔጆ 404 እና ለእኩዮቹ፦ አመራረጥ፣ ክፍተት አለካክና አገጣጠም

ሜዳ ላይ ምንም የማይለው አሮጌ መኪና ከድሬዳዋ ወጥቶ የደንገጎን አቀበት ሲያያዘው መቆራረጥ ይጀምራል። ጭነት ካለበትና ነዳጅ እስከ ታች ከተረገጠ ይብስበታል፤ እግር ላላ ሲያደርጉለት ይስተካከላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ካርቡራተር ያስፈታል፣ የቤንዚን ፓምፕ ያስቀይራል። ከዚያ ሁሉ በፊት አራቱን ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አውጥቶ ብልጭታው የሚዘለውን የሁለቱን ኤሌክትሮዶች ክፍተት መለካት ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜም ጣጣው እዚያው ያልቃል።

መመሪያው በዋናነት ፔጆ 404ን ታሳቢ ያደረገ ነው፤ ሐረር ላይ ዛሬም ታክሲ ሆኖ ጁገል ዙሪያ ሲመላለስ የሚታየውን። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ፣ አካሉን ፒኒንፋሪና የነደፈው፣ 1618 ሲሲ ሞተሩ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ጋደም ያለ መኪና ነው። ቮልስ ወይም ላዳ ያለው ሰውም ይጠቀምበታል፤ ዲስትሪቡተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ኮንታክት ፖይንት፣ ማለትም እሳቱን የሚቆራርጠው መነካኪያ፣ ካለ ሥራው አንድ ነው።

ከመፍታት በፊት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የካንዴላ መፍቻ (ለአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች 21 ሚሊ ሜትር፣ ውስጡ ጎማ ያለው ቢሆን ይመረጣል)፣ ፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የታወቀ ቀጫጭን የመለኪያ ምላሶች)፣ አንድ ስንዝር የሚሆን የቤንዚን ጎማ ቱቦ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ቤንዚን፣ ቀጭን ሽቦ፣ ባትሪና አራት ቀዳዳ የተበሳበት ካርቶን። ባትሪ ያልኩት የእጅ ባትሪውን ነው፤ የ404 ካንዴላዎች ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለተቀመጡ ያለ መብራት ግርጌው አይታይም።

ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ቴስታታው (ካንዴላዎቹ የሚታሰሩበት የሞተሩ ራስ) አልሙኒየም ነው፤ በትኩሱ የተፈታ ካንዴላ የቴስታታውን ጥርስ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ማታ አቁሞ ጠዋት መጀመር ነው የሚሻለው። ድሬዳዋ ከሆኑማ ጠዋቱ ለእርስዎም ይሻላል።

ገመዶቹን ከመንቀልዎ በፊት ቁጥር ይለጥፉባቸው። ፔጆ 1 ቁጥር የሚለው ሲሊንደር በራዲያተር በኩል ያለውን አይደለም፤ በፍላይዊል በኩል፣ ማለትም ወደ ሹፌሩ የሚቀርበውን ነው። ሲነቅሉም ኮፍያውን ይዘው ይሳቡ እንጂ ገመዱን አይጎትቱ።

ቀጥሎ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል። ጉድጓዱ ውስጥ አቧራ፣ አሸዋ፣ አንዳንዴም ውሃና ዘይት ተጠራቅሟል። ካንዴላው ሲወጣ ያ ሁሉ ቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ይወርዳል። ኮምፕረሰር ከሌለዎት ኮፈኑን ከፍተው ጎሚስታ ቤት ያስነፉት። ከዚያ ካንዴላውን ሩብ ዙር ብቻ ያላሉት፤ እንደገና ያስነፉት፤ ከዚያ ያውጡት። ሲፈታ ሲጥጥ እያለ የሚታገልዎት ከሆነ አያስገድዱት። ጥርሱ ላይ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ጠብ አድርገው ይጠብቁ፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ትንሽ ወደ መፍታት እያሉ ያለማምዱት።

የወጡትን በካርቶኑ ላይ በየተራቸው ይሰኳቸው። ተራው ከተምታታ ቀጣዩ ሥራ ዋጋ የለውም።

አሮጌው ካንዴላ ምን ይላል

ነጩን ሸክላ፣ በተለይ ከመሐለኛው ኤሌክትሮድ ሥር ያለውን ጫፍ ይዩ። ዛሬ የምንቀዳው ቤንዚን እርሳስ ስለሌለበት የጤናማ ካንዴላ ቀለም የድሮ መጻሕፍት እንደሚሉት ጠቆር ያለ ቡናማ አይደለም፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ጤነኛውን ሞተር «ቤንዚን አንሶታል» ብሎ ያበላሸዋል።

ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይም ሞተሩ ሳይሞቅ ይቆማል። ይህ የሐረር መልክ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ መሐል ላይ ያለችው ሐረማያ ከሁለቱም ትበልጣለች። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የካርቡራተሩ ዢግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈው ጠባብ ቀዳዳ) ግን የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ድሬ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ሐረር ላይ ቤንዚን ያበዛል ማለት ነው። በዚያ ላይ ታክሲው ፈረስ መጋላ ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲያንኮራኩር ይውላል። መፍትሔው ካርቡራተሩን እዚያው በሚሠራበት ከተማ ማስተካከልና የአየር ማጣሪያውን ማየት ነው፤ ወደ ካንዴላ ለውጥ አይቸኩሉ።

እርጥብና የሚያብለጨልጭ ጥቁር ከሆነ ዘይት ነው፦ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጋይድ አልቋል። አዲስ ካንዴላ ጥቂት ጊዜ ይገዛልዎ ይሆናል እንጂ በሽታውን አያድነውም። ሸክላው የነጣ፣ ትንንሽ እብጠት የያዘ ወይም ኤሌክትሮዱ ጫፉ የቀለጠ ከሆነ ግን መኪናውን ያቁሙት። ሙቀቱ ከመጠን አልፏል፦ ወይ ቤንዚን አንሷል፣ ወይ እሳቱ ቀድሟል (ብልጭታው ከጊዜው በፊት ይመጣል)፣ ወይ ከማኒፎልዱ አየር ይገባል፣ ወይ የማይሆነው ካንዴላ ተገጥሟል።

አራቱም አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ብቻ የተለየ ከሆነ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ አራቱንም የሚመግበው ካርቡራተር እንዲጠየቅበት አያድርጉ።

ርዝመቱን ይለኩ፣ አይገምቱ

መለዋወጫ ቤት ሄደው «የፔጆ ካንዴላ» ሲሉ ሻጩ «አቦ፣ ሁሉም አንድ ነው፣ ይገባል» ብሎ አንድ ፓኮ ያቀብልዎታል። መግባቱስ ይገባል፤ ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ካንዴላ ሁሉ ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሮንዴላው (ከቀለበቱ) መቀመጫ እስከ ጥርሱ መጨረሻ ያለው ርዝመት በአሮጌ መኪኖች ላይ ባብዛኛው ወይ 12.7 ነው ወይ 19 ሚሊ ሜትር። ለ12.7 በተሠራ ቴስታታ ላይ 19 ከተገጠመ ትርፉ ጥርስ ማቃጠያ ክፍሉ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ከከፋም ፒስቶን ወይም ቫልቭ ይመታዋል። ባይመታውም በትርፉ ጥርስ ላይ ካርቦን ይጋገርበታል፤ ሲፈታ የቴስታታውን ጥርስ እየላጨ ይወጣል። በተቃራኒው ለ19 በተሠራው ላይ 12.7 ቢገጥሙ እሳቱ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፣ ባዶው የቴስታታ ጥርስም በካርቦን ይሞላል።

የመጽሐፉን ቁጥር ማመን አይበቃም። ሃምሳና ስልሳ ዓመት የሠራ መኪና ቴስታታው የራሱ ላይሆን ይችላል። ቀድሞ የነበረው ካንዴላም በስህተት የተገጠመ ሊሆን ስለሚችል እሱን ብቻ ይዞ ሄዶ «እንደዚህ ያለ ስጡኝ» ማለት ስህተቱን መድገም ነው። ስለዚህ የቀጭኑን ሽቦ ጫፍ ትንሽ መንጠቆ አድርገው ያጥፉት፤ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተው የጥርሱን የታችኛውን ጠርዝ ይያዙበት፤ ካንዴላው በሚቀመጥበት ልክ ሽቦው ላይ ምልክት አድርገው ያውጡና በማስመሪያ ይለኩ። ወደ 12 ወይም 13 ከመጣ አጭሩ፣ ወደ 19 ከመጣ ረጅሙ ነው። ሽቦውን ከእጅዎ አይልቀቁት፤ በዚህ ጊዜ ቁልፉን የሚያዞር ሰው መኪናው ውስጥ አይቀመጥ።

ሙቀት፦ ለድሬ አየር ቀዝቃዛ ካንዴላ?

ድሬዳዋ ላይ ሲነገር የኖረ ምክር አለ፦ «አገሩ ሞቃት ስለሆነ ቀዝቃዛ ካንዴላ ግጠም»። በዚህ አልስማማም።

ካንዴላ ራሱን ከጥላሸት የሚያጸዳው ጫፉ ወደ 450 እና 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ከ800 በላይ ሲወጣ ደግሞ ብልጭታውን ሳይጠብቅ ራሱ ቤንዚኑን ማቀጣጠል ይጀምራል፤ ፒስቶን የሚበሳውም ያኔ ነው። ቀዝቃዛ የሚባለው ካንዴላ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፍ፣ ሙቅ የሚባለው ደግሞ ይዞ የሚቆይ ነው። በአንድ ደረጃና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ጫፉ ላይ ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ነው።

አሁን ሒሳቡን ይሥሩት። የድሬ ቀን ከሐረር ቀን በ10 ወይም በ12 ዲግሪ ቢሞቅ ካንዴላው ጫፍ ላይ የሚጨምረው ከዚያ አይበልጥም። ለዚህች ብሎ ሙሉ ደረጃ መለወጥ ትርፉ ጥላሸት ነው፤ በተለይ ከከዚራ መጋላ እየተመላለሰ ለሚውል መኪና። ካንዴላን የሚያሞቀው ጭነትና የተረገጠ ነዳጅ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «የት ከተማ ነው የምኖረው?» ሳይሆን «ይህ ሞተር በሳምንት ስንት ጊዜ ጭነት ይዞ ደንገጎን ይወጣል?» ነው። ዘወትር ከሙሉ ጭነት ጋር አቀበት የሚወጣና ነጭ ካንዴላ የሚያሳይ ሞተር፣ እሳቱም ካርቡራተሩም ከተስተካከሉ በኋላ፣ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ይገባዋል። የቀረው ሁሉ ፋብሪካው ያዘዘለትን ይግጠም።

የሚያሳስተው ካንዴላው ላይ የተጻፈው የሙቀት ደረጃ ቁጥር አቅጣጫ ነው፤ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቦሽና በቻምፒዮን ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። ከኤንጂኬ 6 ወደ 7 የሄደ ሰው አቀዝቅዟል፤ ከቦሽ 7 ወደ 8 የሄደው ግን አሙቋል። ሁለቱም ግን «አንድ ቁጥር ጨመርኩ» ይላሉ።

ፊደሎቹም እንዲሁ ናቸው። በኤንጂኬ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው «ቢ» ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግራል። ከቁጥሩ በኋላ «ኤች» ካለ ርዝመቱ 12.7፣ «ኢ» ካለ 19 ነው። ከቁጥሩ በፊት «ፒ» ካለ ሸክላው ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው፤ «አር» ካለ ውስጡ ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገታ) አለው። በቦሽ ከቁጥሩ በኋላ «ኤ» አጭሩን፣ «ሲ» ረጅሙን፣ «ዲ» ረጅም ሆኖ ሸክላው የወጣውን ያመለክታል። በቻምፒዮን «ኤል» የሚለው መነሻ አጭር ነው፣ «ኤን» የሚለው ረጅም። ስለዚህ ኤንጂኬ ቢ-ፒ-6-ኢ-ኤስ፣ ቦሽ ደብሊው-7-ዲ-ሲ እና ቻምፒዮን ኤን-9-ዋይ-ሲ በተግባር አንድ ናቸው፤ ላዳ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ቮልስ ደግሞ አጭሩን ይወስዳል፦ ኤንጂኬ ቢ-5-ኤች-ኤስ ወይም ቢ-6-ኤች-ኤስ፣ ወይም ቦሽ ደብሊው-8-ኤ-ሲ። ለ404 ግን ርዝመቱን በሽቦው ከለኩ በኋላ በኤንጂኬ ቁጥሩ 5 ወይም 6 ከሆነ ተራ ካንዴላ ይጀምሩ፤ የቀረውን ቀለሙ ይነግርዎታል።

ሬዚስተር ያለው ቢገጠም አይጎዳም፤ ገመዱና ኮፍያው ራሳቸው ሬዚስተር ከያዙ ግን ይደራረባልና ያለ «አር» ያለውን ይምረጡ። ኢሪዲየም ለሚባለው ውድ ካንዴላ ገንዘብ አላወጣም። ቀጭን ጫፉ ክፍተት ስናስተካክል በቀላሉ ይሰበራል።

ፎርጅድ ብዙ ነው። ከመክፈልዎ በፊት አራቱንም ከፓኮ አውጥተው ጎን ለጎን ያቁሟቸው። መሐለኛው ኤሌክትሮድ ቀጥ ያለና መሐል ላይ የተቀመጠ መሆን አለበት፤ ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር አይለቅም፤ አራቱም ክፍተት ተቀራራቢ ነው። መልቲሜትር ካለ ከላይኛው ጫፍ እስከ መሐለኛው ኤሌክትሮድ ይለኩ፦ «አር» ያለው 5 ሺህ ኦም አካባቢ፣ የሌለው ወደ ዜሮ ያሳያል። ከላይኛው ጫፍ ወደ ብረት አካሉ ግን ምንም ማሳየት የለበትም።

ክፍተቱ

ቁጥሩ ለፔጆ 404 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቮልስ ከ0.6 እስከ 0.7፣ ኮንታክት ፖይንት ያለው ላዳ ከ0.5 እስከ 0.6። አዲስ ካንዴላ ግን ከፓኮ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ 0.7፣ 0.8 ወይም 0.9 ሆኖ ነው። «አዲስ ነው» ተብሎ ሳይለካ የሚገጠመውም ለዚህ ነው ችግር የሚያመጣው።

ለምን አቀበት ላይ? ብልጭታው ለመዝለል የሚጠይቀው ቮልት በሁለት ነገር ይጨምራል፦ በክፍተቱ ስፋትና ሲሊንደሩ ውስጥ ባለው ግፊት። ሜዳ ላይ ነዳጁ ገርበብ ብሎ ስለሚከፈት ሲሊንደሩ በደንብ አይሞላም፤ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ደካማ ኮይልም (የብልጭታውን ቮልት የሚያመነጨው) ይዘልለታል። ደንገጎ ላይ ነዳጅ እስከ ታች ሲረገጥ ሲሊንደሩ ይሞላል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ 0.9 የሆነውን ክፍተት ለመዝለል ያረጀው ኮይል አቅም ያጣል። ከዚሁ የሚከተለው ነገር ይገርማል፦ ሐረር ላይ አየሩ ስለሳሳ ግፊቱም ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ለከፍታው ተብሎ ክፍተት ማጥበብ አያስፈልግም። ከመጠን በላይ ከጠበበ ደግሞ ብልጭታው ትንሽ ይሆንና ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ጠዋት ለመነሣት ያስቸግራል።

አለካኩ እንዲህ ነው። የ0.6ቱን የፊለር ጌጅ ምላስ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ያስገቡ። ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ትንሽ እየያዘ ማለፍ አለበት። ከ0.65 ምላስ ጋር እምቢ ካለ፣ ከ0.55 ጋር ከላላ፣ ልክ ነው። ከሰፋ የጎኑን ኤሌክትሮድ ጠንካራ እንጨት ላይ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት። ከጠበበ በክፍተት መለኪያው መንጠቆ ወይም በትንሽ ፒንሳ የጎኑን ኤሌክትሮድ ብቻ ወደ ውጭ ይሳቡት። ካቻቢቴ መሐል ከትቶ መጠምዘዝ በጋራዥ የማየው የዘወትር ጥፋት ነው፤ ኃይሉ የሚያርፈው በመሐለኛው ኤሌክትሮድ ላይ ስለሆነ ሸክላው ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም በዓይን አይታይም። ሲጨርሱ ወደ ብርሃን አንሥተው በጎን ይዩት፦ ሁለቱ ገጾች ትይዩ መሆን አለባቸው።

የሠራበትን ካንዴላ መልሰው የሚገጥሙ ከሆነ ጠፍጣፋው ምላስ ያታልላል። የጎኑ ኤሌክትሮድ መሐሉ ተበልቶ ስለሚጎደጉድ ምላሱ በጠርዞቹ ላይ ያርፍና ክፍተቱን አሳንሶ ይናገራል። ክብ ሽቦ ያለው መለኪያ እውነቱን ይሰጣል። ከሌለ የጎኑንም የመሐለኛውንም ኤሌክትሮድ ገጽ በጥሩ ሞረድ ጠፍጣፋ ያድርጉት፤ ሹል ጠርዝ ብልጭታውንም ያቀልለታል። ሸክላውን በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ይጠቡ። የሽቦ ብሩሽ ሸክላው ላይ የብረት ርዝራዥ ይተዋል፤ ምድጃ ላይ ማቃጠል ሸክላውን ይሰነጥቃል፤ ሁለቱንም ይተዉ።

መንገድ ላይ ፊለር ጌጅ ባይኖርስ? የሴጌቶ ምላጭ ውፍረት 0.6 ሚሊ ሜትርን በጥቂቱ ያልፋል፤ ጥርሱ ወደ ጎን ስለተነፋ በጀርባው በኩል ይጠቀሙበት። የባንክ ካርድ ደግሞ 0.76 ነው። ካርዱ ሳይነካ ካለፈ ክፍተቱ ለእርስዎ መኪና ሰፍቷል ማለት ነው። ከተማ ሲደርሱ ግን በትክክለኛው ያስተካክሉት።

መግጠም

የቤንዚን ቱቦውን በካንዴላው ራስ ላይ ይሰኩና ካንዴላውን ወደ ጉድጓዱ ያውርዱት። መጀመሪያ ወደ ኋላ ያዙሩት፤ ጥርሱ ከጥርሱ ሲገጥም ጠቅ የምትል ነገር ትሰማለች፤ ከዚያ ወደፊት። ጥርሱ ተዛንፎ ከያዘ ቱቦው ካንዴላው ላይ ይሽከረከራል እንጂ አያስገድደውም። ብረት መፍቻ ግን ያለ ርኅራኄ ያስገባዋል፤ የአልሙኒየም ቴስታታ ጥርስ የሚበላሸውም በዚህ ነው።

በቱቦ እስከ መጨረሻ ከወረደ በኋላ መፍቻውን ያስገቡ። አዲስ ሮንዴላ ያለው ካንዴላ ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃዋል፤ ሮንዴላው ሲጨመቅ እጅ ይሰማዋል። ቀድሞ የተጨመቀ ሮንዴላ ያለው ግን የዙር አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ። ቶርክ ሬንች ካለ ለአልሙኒየም ቴስታታ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። ጥርሱን ቅባት አይቀቡት፤ የተቀባ ጥርስ በዚያው ጉልበት ከልክ በላይ ይጠብቃል። ኮፍያዎቹን ጠቅ እስኪሉ ይጫኑ።

እግረ መንገድዎን የኮንታክት ፖይንቱን ክፍተት ይዩ፤ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። የተቃጠለ ፖይንት ካለ የካንዴላው ድካም ከንቱ ነው።

ማረጋገጫው

ሞተሩን አሙቀው ደንገጎን ይውጡ። መቆራረጡ ከቀረ ክፍተቱ ነበር። ቀለሙን ለማየት ከፈለጉ አቀበቱን ከጨረሱ በኋላ ከመንገድ ወጥተው ሜዳ ቦታ ወዲያው ሞተሩን ያጥፉ፤ በሚኒሞ ካቆዩት ጥላሸቱ የአቀበቱን ቀለም ይሸፍነዋል። ጠመዝማዛው ላይ እየነዱ ቁልፍ አያጥፉ። ሞተሩ እስኪቀዝቅዝ ጠብቀው አንዱን ብቻ ያውጡ።

ከዚያ በኋላ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይለኩ፤ ኤሌክትሮድ እየተበላ ክፍተቱ ይሰፋል። ከ15,000 እስከ 20,000 ሲሆን ይቀይሯቸው፤ ከአሮጌዎቹ ደህና የሆኑትን ሁለቱን አጽድተው፣ ክፍተታቸውን ለክተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከመቀመጫ ሥር ያኑሯቸው።

ሁሉም ተስተካክሎ አንዱ ሲሊንደር ብቻ አሁንም ከጠቆረ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩ። ጥቁሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ ገመዱን በሌላ ይሞክሩ፤ አሁንም ካልለቀቀ ኮምፕረሽን (የሲሊንደሩን ግፊት) ያስለኩ።